ላሊበላማ እዚሁ ነው

የሰሜን ወሎዋ የግራና ሰው «ላሊበላን አይተሃል ወይ?» ሲባል አይዋሽም። «አላየሁም» ብሎም ራሱን አያጋልጥም። «ላሊበላማ እዚሁ ነው» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እዚሁ ያለን ነገር ማን ተነሥቶ ያየዋል? ይኸው መልስ መርሳ ሻይ ቤት ውስጥም፣ ወልድያ መናኸሪያ በር ላይም ይሰማል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሲያገኙ ግን ሁሉም አስጎብኚ ናቸው። «እዚህ ድረስ መጥተው ሳያዩት? እንዴት ተደርጎ! ጉድ እኮ ነው!» እንግዳው «እርስዎስ መቼ አዩት?» ያለ እንደሆነ ወሬው ወደ ማሽላ ይዞራል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ግራናና መርሳ ባሉበት በሐብሩ ወረዳ ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ወሬው ወደ ማሽላ መዞሩም ያለ ነገር አይደለም። ግራና በማሽላ በኩል ባለ ስም ናት። በመርሳና በወልድያ መካከል ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና አንድ» ይባላል። ስሙን በዘር ያስጠራ ሰው በቱሪስት መጽሐፍ ውስጥ ባይጻፍ ብዙም አይከፋው።

ርቀትን በካርታ ለሚለካ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ማታ ከሎንደን የተነሣ ጎብኚ ጧት አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ይዞ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ላሊበላ ይወርዳል፤ ምሳውን ሆቴሉ ሰገነት ላይ ሆኖ ሸለቆውን እያየ ይበላል። የሰሜን ወሎው ሰው፣ ያውም በዚያው ዞን የሚኖረው፣ በዚያ ሰዓት ገና ወልድያ ነው። ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ መጥቶ ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃል። ረዳቱ «ላሊበላ! አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለው ሹፌሩና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነው።

እንዲያም ሆኖ ይሄዳል። ከቤቱ የሚያስነሣው ስለት ነው። ልጅ ታሞ ድኗል፣ የጠፋች ላም ተገኝታለች፣ ወይም ደግሞ የዛሬ ስንት ዓመት የተሳለው ስለት በሕልም እየመጣ አላስተኛ ብሎታል። ቀኑም የታወቀ ነው፤ ታኅሣሥ 29። ገና ከመሆኑ ሌላ የቅዱስ ላሊበላ ልደት ስለሆነ ከተማው በአንድ ቀን ሁለት ልደት ያከብራል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍበታል።

የግራና ገበሬ ችግር ታኅሣሥ የውቂያ ወር መሆኑ ነው። የታጨደ ማሽላ አውድማ ላይ ተከምሮ እያለ ማን ጥሎ ይሄዳል? እዚህ ላይ ወሎነት ይመጣል። ሙስሊሙ ጎረቤት «ሂድ ወንድማለም፣ አውድማው የእኔ አደራ ነው። ብቻ እዚያ ስትደርስ እኛንም አንሣን» ይለዋል። በተራው ያ ጎረቤት ለመውሊድ ወደ ዳና የወጣ ጊዜ ከብቱን የሚጠብቅለት ይኸው የገና ተሳላሚ ነው። ሒሳቡ በወረቀት አይያዝም፤ ግን የሚረሳው የለም። ከሁለቱ አንዱ ከመንገድ ሲመለስ ባዶ እጁን የመጣ እንደሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ይነሣበታል።

ስንቁ የጾም ነው። ጾመ ነቢያት እስከ በዓሉ ዋዜማ ስለሚቆይ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽምብራ ይቋጠራል። ከመርሳ ደግሞ ብርቱካን ይገዛል፤ «ላስታ ብርቱካን የለም» ተብሎ። ብርቱካኑ ግን ድልብ ሳይደረስ አልቆ ልጣጩ በመስኮት ይወረወራል።

ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መንገድ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ተራራውን እየቧጠጡ ወረታ ድረስ ያደረሱት መንገድ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ወሬ ይቀንሳል፣ ጸሎት ይጨምራል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሰው ከበታቹ ያለውን ገደል እያየ ለስለቱ አንድ ጧፍ ይጨምራል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ጫቱን እየቀነጠበ ያዜማል፤ ተሳፋሪው ግን ሁለቱንም እጁን መሪው ላይ ቢያይለት ነው ደስታው።

ጋሸና ላይ ሁሉም ይወርዳል። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ፊት ለፊት ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር፣ ወደ ቀኝ ላሊበላ። ደጋ ነው፤ በደጋነቱም አይቀልድም። ከሐብሩ ሙቀት በሸሚዝ የወጣ ጎረምሳ ሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሻዩን ሳይጠጣ፣ ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ ይቆማል። ሁለተኛ ያዝዛል፤ ያንንም እንዲሁ ያደርገዋል። አጠገቡ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ግማሹን ይወረውሩለትና «የቆላ ልጅ ገና ሲመጣ ነው ታኅሣሥን የሚያውቀው» ይላሉ።

ጋሸና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሰሞን ስሟ በየዜናው ሲጠራ የነበረች ናት። ወልድያም ላሊበላም ያኔ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚል ሰው ስለ አስፋልቱ እየጠየቀ አይደለም።

ሚኒባሱ እግረኛ ተሳላሚዎችን እየቀደመ ያልፋል። ቀናት ተጉዘው የሚመጡ ናቸው፤ ጥቁር ዣንጥላ፣ ዘንግ፣ ትከሻ ላይ የተጣለ ቅል ወይም ቢጫ ጀሪካን። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሲያያቸው ያፍራል፤ ግን «ውረድና አብረሃቸው ሂድ» ቢሉት የሚወርድ የለም። ረዳቱ ብቻ በመስኮት «አንድ ሰው!» ይላቸዋል። ልማድ ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ሌላ ነገር ይጠብቃል። የላሊበላ ሰዎች በገና ሰሞን ሳፋና ውሃ ይዘው ወጥተው የእንግዳውን እግር ያጥባሉ። ይህ ለእግረኛው ካሣ ነው፤ በመኪና ለመጣው ግን ፈተና ነው። አንድ የስድሳ ዓመት የግራና ገበሬ እንዲህ ተያዙ። አንዲት ልጅ ጉልበቷን መሬት አስነክታ «አባባ፣ እግርዎን» ስትላቸው «ተይ ልጄ፣ እኔ በመኪና ነው የመጣሁት» አሉ። «ቢሆንም ያምጡ።» «አልቆሸሸም እኮ።» «አባባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» አመጡ። ውስጥ እግራቸው ሲነካ ኮርኩሯቸው ሳቃቸው አመለጠ፤ ልጅቱም ሳቀች፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከሳቁ ነው ብለዋል።

እንግሊዞች በካቴድራላቸው ስም የሚታወቁ ከተሞች አሏቸው፤ ካንተርበሪ፣ ዱራም፣ ሳልዝበሪ። እነዚያ ከሩቅ ነው የሚታዩት። የሳልዝበሪው ካቴድራል የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1220 ነው፤ በልማድ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ያበቃል በሚባልበት ወቅት አካባቢ ማለት ነው። ዋናው ሕንጻ 38 ዓመት ፈጀ። በኋላ የተደረበበት ሹል ማማ 123 ሜትር ይደርሳል፤ በብሪታንያ የሚስተካከለው የለም። መንገደኛው ከተማው ሳይገባ ያየዋል። ላሊበላ የደረሰ ሰው ግን ከተማው መሃል ቆሞ «የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተ ጊዮርጊስ እንኳ፣ ያ በየፖስተሩና በየቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው፣ ጠርዙ ላይ ደርሰው ቁልቁል ካላዩት መኖሩም አይታወቅ።

እንግሊዞቹ ድንጋይ እየደረቡ ሲወጡ የላስታ ሰዎች ድንጋይ እየቀነሱ ወረዱ። ሥራው ከጣሪያ ተጀምሮ መሠረት ላይ ያልቃል። እየደረቡ ሲሠሩ የተበላሸው ድንጋይ ወርዶ ሌላ ይተካል፤ እየቀነሱ ሲሠሩ ግን ያለቦታዋ ያረፈች አንዲት መሮ ዓምዱን ይዛው ትሄዳለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ጥቂት ጽፎ፣ ከዚህ በላይ ብጨምር አታምኑኝም ብሎ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። የዘመኑ ጎብኚ ፎቶ ስላለው ከመማል ድኗል።

ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ እርከን የሚሠራው የሐብሩ ገበሬ የሚደነቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ግድግዳውን በመዳፉ ይዳስስና ዙሪያውን ያማትራል። «እሺ፣ ጠርበው አወጡት። ያን ሁሉ ኮረት የት አደረሱት?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም ይጠይቁታል። አስጎብኚው ፈገግ ይልና ወደ መላእክቱ ያልፋል። በአፈ ታሪኩ ሰው ቀን ሲጠርብ ውሎ መሣሪያውን አስቀምጦ ሲገባ መላእክት ሌሊቱን ይተኩት ነበር፤ ሥራውም በ23 ዓመት አለቀ ይባላል። የመንገድ ሥራ ሲጓተት ማየት የለመደ ተሳፋሪ ይህን ሲሰማ «የሌሊቱን ተረኛ አሁንም በቀጠሩልን» ማለቱ አይቀርም።

ከአፈ ታሪኮቹ ሁሉ ለሰው ቅርብ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ንጉሡ ሥራውን ሲጨርስ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ መጣና «ለእኔስ?» አለ። ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከሁሉም ያማረው፣ በቅሬታ የተገኘ ነው ማለት ነው። የፈረሱ ኮቴ ያረፈበት ነው የሚባለውን ድንጋይ ዛሬም ያሳያሉ። ቀበሌ ደጅ የጠና ሰው ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ጫማ። ላሊበላን የሚያወሱ መጻሕፍት ስለ ዛጉዌ፣ ስለ ዓምዶቹ፣ ዩኔስኮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለ መመዝገቡ በሰፊው ያትታሉ፤ ስለ ጫማ ግን አይናገሩም። አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ማለት አሥራ አንድ ጊዜ ማውለቅ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማጥለቅ ነው። የውጭ አገር ጎብኚው ለብዙ ዓመት በ50 ዶላር ሲቆረጥ የኖረውን ትኬት ይዞ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚታሰር የተራራ ጫማ አድርጎ ይመጣል። ቤተ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ተቀምጦ ይፈታል፤ ይገባል፤ ወጥቶ ያስራል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቤተ ማርያም፤ ይፈታል። ሦስተኛው ላይ ማሰሪያውን ሳያስር ይጎትተዋል። ጫማ ጠባቂው ልጅ ከአጠገቡ አይለይም፤ የባለጫማውን ድካም በዓይኑ ይለካል፤ ጉርሻው በዚያው ልክ እንደሚያድግ ያውቃል።

የአገሬው ሰው ጭንቀት ሌላ ነው። በገና ዋዜማ በር ላይ የተቆለለው ጫማ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ኮንጎ ጫማ። ጥቁር፣ ፕላስቲክ፣ ቁጥሩ የጠፋ። ቅዳሴ ገብቶ የወጣ ሰው የራሱን ሳይሆን ልኩን ፈልጎ ይሄዳል። ብልሁ ሁለቱን በገመድ አስሮ አንገቱ ላይ ይሰቅላል። ከግራና የሄደች አንዲት እናት የራሷን ለመለየት በቀይ ክር ሰፍታ ምልክት አድርጋ ነበር። ስትወጣ ግራ እግሩ ብቻ ነው የጠበቃት፤ ቀኙን የወሰደው ሰው ቀዩን ክር ያላየው ይሆን፣ ወይስ ወዶት?

ምንጣፉ ላይ ስላለው ቁንጫ ፈረንጆች እርስ በርስ ይመካከራሉ። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ መድኃኒት ረጭተው ነው የሚገቡት። አስጎብኚው ይህን ሲያይ «እሷም ተሳላሚ ናት» ይላል።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ «አፍሮ አይገባ» የሚባለው መስቀል አለ። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከተማው ለቅሶ ተቀመጠ፤ ከዓመታት በኋላ ቤልጂግ ውስጥ ቅርስ ሰብሳቢ ቤት ተገኝቶ ተመለሰ። ሕሙማን የሚታሹበት መስቀል ነው። የወልድያ ቀልደኛ መስቀሉ አውሮፓ ደርሶ መጥቶ እሱ ገና ቪዛ አለማግኘቱን እያነሣ ይማረራል።

ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል የሚሄደው የጨለማ ዋሻ «ሲኦል» ይባላል። ውስጡ ምንም አይታይም፤ ዓይን ተከፈተ ተዘጋ አንድ ነው። ሕጉ ቀኝ እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የፊተኛውን ሰው ጋቢ ይዞ መሄድ ነው። በገና ሰሞን ሰልፉ ዋሻው ውስጥ ይቆማል፤ ከፊት «ሂዱ!»፣ ከኋላ «አትግፉ!»፣ ከመሃል «እግዚኦ!»። አንድ ተማሪ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «እማማ፣ መብራት ላብራልዎት?» አለ። «ተው ልጄ» አሉት፤ «ሲኦል በባትሪ አይታለፍም»። ልጁ አጠፋው። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጣሪያው ግንባሩን መታው። «ይኸው፣ ለአንተም ተቆጠረልህ» አሉ እማማ።

የቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለ ኩሬ አለ። ውሃው አረንጓዴ ነው። ልጅ የፈለገች ሴት በገና ሰሞን በገመድ ታስራ ትነከርበታለች። ገመዱን የሚይዙት ሰዎች የሚቀልዱ አይደሉም፤ ከዳር የቆመው ግን ይቀልዳል። «እሷንማ ቀስ አድርጓት፣ አምና መንታ ነው የሰጣት!»

የበዓሉ ጧት ቤዛ ኩሉ ነው። ካህናቱ ነጭ ለብሰው ቤተ ማርያምን የከበበው ገደል ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች ናቸው። ላይኛው ሲያዜም ታችኛው ይቀበላል፤ ወገብ ሸብረክ፣ ቀና፣ ከበሮ፣ ጽናጽል። ጠርዙ ላይ ቦታ ለማግኘት ግን ከሌሊቱ መምጣት ያስፈልጋል፤ የግራና ሰው ደግሞ ብርድ ፈርቶ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ቤዛ ኩሉን የሰማ ብዙ አለ፤ ያየ ጥቂት። አብዛኛው ያየው ከፊቱ የቆመውን ሰው ትከሻ ነው፤ ያንን ትከሻ እስከ ጥበቡ ይገልጸዋል።

ከበላይ ደግሞ ትልቁ ጣሪያ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ይጠብቃል ተብሎ አራት መጠለያ ተተከለ። ለጥቂት ጊዜ የታሰበው ሰነበተ፤ በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡ «ቅርሱ ላይ ይወድቃል፣ አንሡልን» ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው እንረዳለን አሉ። ሽማግሌው ገበሬ ወደ ላይ አንጋጠው «እነዚያ የሠሩት ስምንት መቶ ዓመት ቆመ፤ ይኸኛው ገና በአሥር ዓመቱ አስጨነቀን» አሉ። ይህን ለመናገር የምሕንድስና ትምህርት አላስፈለጋቸውም።

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ የተነሣው ጠብ የቁጥር ነው። ወንዶቹ አሥራ አንድ ነው የተሳለምነው አሉ። ሴቶቹ አሥር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቤተ ጎልጎታ ሴት አታስገባም። በዚያ ላይ ጎልጎታንና ሚካኤልን አንድ ብሎ የሚቆጥር አለ፤ ለየብቻ የሚቆጥር አለ፤ ቤተ ልሔምን ሲጨምር ሌላው ሲያስወጣ ጋሸና ተደረሰ። ባለቀይ ክሯ እናት ግን ለቁጥሩ ግድ አልነበራትም። የንጉሡ መቃብር ያለው ጎልጎታ ስለሆነ ስለቷን ልጇ እንዲያደርስላት በር ላይ ሰጥታው ነበር።

«ጧፉን አበራህልኝ አይደል?» አለችው።

ልጁ የጃኬቱን ኪስ ዳሰሰ። ከዚያ ሌላኛውን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አሳየኝ» አለች። ጧፉ ለሁለት ተሰብሮ፣ ከዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ሚኒባሱ ለሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ ግራና ሚካኤል ያበራው፣ ታቦቱ ያው ነው አለ። ሌላው ስለት ቦታ አይቀይርም ብሎ ተቃወመ። ሽማግሌው ሁለቱንም ሰምተው «ልጁ ለሚመጣው ገና ራሱ ያድርሰው፣ በእግሩ» ብለው ፈረዱ፤ እናቲቱም ተስማማች። በእግሩ የሚለው ላይ ልጁ ይግባኝ ሊጠይቅ ሲል ረዳቱ ዘወር ብሎ፣ በመኪና ከሆነ ቦታ ከአሁኑ መያዝ እንደሚቻል፣ ታሪፉ ግን ለገና እንደሚጨምር ነገራቸው።